ከኮርኒሱ በላይ የሚያወራው ሰው

ከመኝታ ቤቴ ኮርኒስ በላይ ጅራቷ የጎፈረ ሽኮኮ ወለደች። መጀመሪያ ሩጫዋን ሰማሁ፤ ቆይቶ ደግሞ የልጆቿን ቀጭን ጩኸት። ጎረቤቶቼ መርዝ አድርጊ ብለው መከሩኝ። በዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ሞት አልፈለግሁም፤ ጣሪያ ሠሪ ጠራሁ።

ጣሪያ ሠሪው ጨዋታ ይወዳል። መሰላል ላይ ወጥቶ በእጅ ባትሪ ሲመለከት ቆየና፣ ሲወርድ አራሷን ጠይቄያት መጣሁ፣ ደህና ናት አለኝ። የገባችበትን ቀዳዳ አሁን ብንደፍነው እናትየዋ ውጭ ትቀራለች፣ ልጆቹም ውስጥ ያልቃሉ። ሽኮኮ ግን ሁለተኛ ጎጆ አታጣም። ቤቱ እንዳይመቻት አምፖል ማብራትና ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ማሰማት ይበቃል፤ ያኔ ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ራሷ ታወጣቸዋለች። ዘፈን ግን አይሆንም፣ ቶሎ ይለምዱታል አለ።

አምፖሉን ሰቀለልኝ። ሬዲዮው ግን በቆርቆሮው ሥር ጣቢያ አልይዝ አለ።

ይህን ለባሌ ታላቅ እህት ነገርኳቸው። እትዬ የሚኖሩት ከመንገዱ ማዶ ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ ደረታቸውን እየደቁ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፤ ሰውም ከብቦ ያጽናናው እሳቸውን ነበር። እኔ ሰው ፊት ማልቀስ አልችልበትም። ልቧ ድንጋይ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

እትዬ ሳቁብኝ። "ለዚህ ነው የምትጨነቂው? የወንድሜን ካሴቶች ላምጣልሽ። ያ ለፍላፊ እንኳን ሽኮኮ ጅብ ያባርራል።"

"የትኛው ወንድምዎ?"

"ስንት ወንድም አለኝ፣ ሙሽራዬ?"

ፀጉሬ ከሸበተም በኋላ ሙሽራዬ ይሉኛል።

ባሌ ዝምተኛ ሰው ነበር። ገበታ ላይ ስንቀመጥ የሚሰማው የማንኪያችን ድምፅ ብቻ ነበር። ያ ዝምታ ለእኔ ብቻ የተሰጠ መተማመን ይመስለኝ ነበር። እትዬ ለሥራ ሩቅ አገር በኖሩበት ዘመን፣ ደብዳቤ መጻፍ ስለሚሰለቸው፣ ወሬውን በካሴት እየቀዳ ይልክላቸው እንደነበር የሰማሁት ያን ዕለት ነው። በጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴትና አንድ አሮጌ ቴፕ ይዘው መጡ። ጣሪያ ሠሪው ቴፑን ከኮርኒሱ መግቢያ አጠገብ አስቀመጠው። አንዱ ገጽ ባለቀ ቁጥር መሰላል ወጥቶ መገልበጥ የእኔ ሥራ ሆነ።

ባሌም ከበላዬ ማውራት ጀመረ። የአለቃውን አረማመድ ይተርካል። የልጅነት ጎረቤታቸውን ድምፅ ያስመስላል። ደግሞ በገዛ ቀልዱ እየሳቀ ትን ይለዋል። በሳቅ ትን ሲለው አይቼ አላውቅም። በየመሃሉ "ሰማሽኝ?" ይላል። የሚጠይቀው ግን እኔን አልነበረም።

ሌላ ሴት ብትኖረው ኖሮ ሐዘኔን ወደ ቁጣ ለውጬ በተገላገልኩ። ሰው በእህት እንዴት ይቀናል? እኔ ግን ቀናሁ። ቅናት እንደ ኩፍኝ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የያዘው ሰው ላይ ይጠናል። ከድምፁ አጠገብ ተኝታ ልጆቿን በምታጠባው ሽኮኮ ሳይቀር ቀናሁ።

አንዱ ካሴት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሷ ተኝታለች፣ ወጥ ቤት ሆኜ ነው የማወራሽ" አለ።

እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ መልሼ አጠነጠንኩትና ደግሜ ሰማሁት።

ሽኮኮዋ ልጆቿን አንድ በአንድ አውጥታ ጨረሰች። ጣሪያ ሠሪው ጎጆው ባዶ መሆኑን አየ፤ ለማንኛውም ብሎ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት የሽቦ በር ገጥሞ ጥቂት ቀን ጠበቀና ቀዳዳውን ደፈነው። አሁን እኒህን ሰውዬ ማሳረፍ ይቻላል አለኝ፤ ቴፑንም አውርዶ ማዶ ሊያደርስልኝ ፈለገ። ይቆይ አልኩት። እትዬ ሲጠይቁኝ ገና አልወጡም አልኩ። ደግመው ሲጠይቁኝም እንዲሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳያንኳኩ ገቡ። ወንድማቸው ከኮርኒሱ በላይ ያወራል። ወንበር ስበው ከሥሩ ተቀመጡ። ሽኮኮዋ ከነልጆቿ እሳቸው ግቢ ዛፍ ላይ ከሰፈረች መሰንበቷን፣ በመስኮት ሲያዩዋት እንደሚውሉ በእርጋታ ነገሩኝ።

"ቀናሽ እንዴ፣ ሙሽራዬ?"

"አዎ፣ ቀናሁ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። "ይሄን ሰውዬ እኔ አላውቀውም። ለእርስዎ ነው የሰጠዎት።"



"እኔ ደግሞ ከሠርግሽ ዕለት ጀምሮ ስቀናብሽ ኖርኩ፤ ማን ጠየቀኝ? አንቺ እዚያው ጎኑ ትተኛለሽ። ለእኔ ፍርፋሪውን በካሴት ይልክልኛል።"

ፍርፋሪ አሉት። እኔ ማዕዱን ሁሉ እሳቸው የወሰዱት መስሎኝ ነበር።

ቴፑን አውርጂው አሉኝ። ሊወስዱት ነው ብዬ ከመሰላሉ ለመውረድ ዘገየሁ። ተቀበሉኝና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"እዚሁ ይሁን። ግን ብቻሽን እንዳትጨርሺው፤ እየመጣሁ አብሬሽ እሰማለሁ።"

እሺ አልኩ። ቁልፉን ተጫኑትና ባሌ ካቆመበት ቀጠለ፤ ስለ አንድ ቀብራራ ልብስ ሰፊ ነበር የሚያወራው። እትዬ በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ቀልዱ ሳይደርስ መሳቅ ጀመሩ። እኔ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብኝ።