የቤት ቁጥር

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነው። የክሊኒኩን አዲስ ፕሮግራም ካስጀመርኩ ገና ግማሽ ቀን አልሞላም፤ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ፣ ሐሳቤ በመስኮቱ ከሚታዩት የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ጋር ነበር። ዞር ስል ካርድ ክፍሉን የያዙት ሲስተር ትርንጎ ጥግ ላይ የተውኩትን አሮጌ ኮምፒውተር ከፍተዋል።

«ሲስተር፣ አዲሱን ይጠቀሙ አላልኩም?»

«የዛሬውን ታካሚ፣ የጋሽ ዋቅሹማን ስልክ ቁጥር ባንተው ላይ ፈልጌ አጣሁት። ደግሞ ያንተው ዱዳ ነው እንዴ? ቅድም ካርዳቸውን ስከፍት አልጮኸም።»

«ለምን ይጮኻል?»

«ፔኒሲሊን አይስማማቸውማ። ቤት ቁጥር ላይ ጽፌዋለሁ።»

ሳቅኩ። «ቤት ቁጥር ላይ?»

«ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ኮንዶሚኒየም ሲገባ የምን ቤት ቁጥር ቀረ? ቦታው ባዶ ነበር። መድኃኒት የማይስማማውን ሰው እዚያ እጽፋለሁ። የድሮውን ፕሮግራም የሠራው ልጅ እዚያ የተጻፈ ነገር ካለ ሦስቴ እንዲጮኽ አድርጎልኝ ሄደ። ያንተው ዝም ሲል እኔም ረሳሁት።»

ሳቄን አቆምኩ።

የድሮው ኮድ በመረጃ ቋቱ፣ በዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳለ ያመጣ ነበር። አዲሱን ፕሮግራም የሠራሁበት ፍሬምወርክ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ይሄ ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ? ቤት ቁጥርን «ቁጥር» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ስልሳ ሦስት ካርዶች አንገባም ሲሉ የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ «ቤት ቁጥራቸውን ባዶ አድርገው» ብዬ ፕሮግራሙን አዘዝኩ። የድሮው ኮድ ውስጥ ሦስቴ ጩህ የሚለውንም መስመር አይቼዋለሁ፤ ጥቅም የሌለው መስሎኝ ተውኩት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ኮድ ያስተማረኝ ስልኬ ነው። ሰው ጠይቅ ግን አላለኝም።

«ሐኪሙ ለጋሽ ዋቅሹማ ምን አዘዙላቸው?»

መልስ ሳልጠብቅ ካርዳቸውን በአዲሱ ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ አየሁት። ቤት ቁጥር፣ ባዶ። ትእዛዝ፣ የፔኒሲሊን መርፌ።

እስከ መርፌ ክፍሉ አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም። ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። በሩን ሳልከፍተው ሽማግሌው ወለሉ ላይ ወድቀው፣ ከንፈራቸው አብጦ ታዩኝ።

ስከፍተው ነርሷ ጊፍቲ መርፌውን ወደ ላይ ይዛ አየር እያስወጣች ነበር። ጋሽ ዋቅሹማ ቀበቷቸውን ፈትተው፣ ፊታቸውን አዙረው ግድግዳውን ይዘዋል።

«እንዳትወጊያቸው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። «አይስማማቸውም። ኮምፒውተሩ ላይ ነበረ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ጊፍቲ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠች።

«የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ኮምፒውተሩ ያውቀዋል አሉኝ።»

ሲስተር ትርንጎ እያለከለኩ ከኋላዬ ደረሱ። «ከጠዋት ጀምሮ ሌላ የተወጋ የለም፣ መዝገቡን አይቻለሁ» አሉኝ።

ጋሽ ዋቅሹማ ዞሩ። መርፌውን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ይቀይሩልዎታል» አልኳቸው። መርፌው የታዘዘለት ያበጠ እግራቸው ነጠላ ጫማው ውስጥ ቀልቶ ይታያል።

ቀበቷቸውን አሰሩ። ባርኔጣቸውን ከወንበሩ አነሱና የታመመ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ሌላ መድኃኒት ሳይጠብቁ በአጠገቤ አልፈው ከክሊኒኩ ወጡ።