በግምት አራት መኪና

የልብስ ሰፊዋን ትንሿን ልጅ ሰፈሩ ቁንጫ ይላታል። አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ምላሷም ይነክሳል። ትምህርቷን ገና በጊዜ አቋርጣ እናቷ ሱቅ ገብታለች። ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ታጥፋለች፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ደንበኛ ላይ ታሾፋለች። ሱቅ ይባል እንጂ ያለው አንድ በር፣ አንድ መስታወትና አንዲት ባለፔዳል የስፌት መኪና ነው። አባት ከሞተ ወዲህ እናትን፣ ታላቅ እህቷንና ቁንጫን የምታበላቸው ያቺው መኪና ናት።

ጣጣው የመጣው በእህቷ ትዳር ሰበብ ነው። አክስታቸው ብቅ ብላ፣ "የሚያገባት ልጅ አጎት በዚህ ሰሞን ኑሯችሁን ሊያይ ይመጣል። ሰዎቹ ያላቸው ናቸው፤ ጉዳችንን እንዳታወጡት!" አለች። እናት የምትይዝ የምትጨብጠውን አጣች። ማዶ ያለችው ዩኒፎርም ሰፊ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሦስት መኪኖቿን ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣቸው ነበር፤ እናት ለምና ተዋሰቻቸው። አራት መኪና ሲታጨቅበት ሱቁ መተላለፊያ አልነበረውም። ቁንጫ መስታወቱ ጋ የምትደርሰው በጠረጴዛ ሥር ሾልካ ነው።

በማግስቱ ኮት የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመ።

"ይግቡ ጌታዬ፣ ይግቡ! ስንጠብቅዎ ነበር እኮ" አለች እናት።

"እኔን?" አለ ሰውዬው። በሥራው እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሞት አያውቅም ነበር። መታወቂያውን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ እናት ያዘችው።

"ኧረ ይተዉ! ማን እንደሆኑ ተነግሮናል። አንቺ ልጅ፣ ወንበሩን ጥረጊላቸው!"

ሰውዬው ተቀመጠ። ዓይኑን በመኪኖቹ ላይ አዞረ።

"አራቱም የራስዎ ናቸው?"

"የማን ሊሆኑ ኖሯል?"

"ሥራስ እንዴት ነው?"

"ደንበኛ እየመለስን ነው እንጂ! በቀን አሥር ቀሚስ ሰፍተን እንኳ ሰው አልረካ አለ።"

ቁንጫ ሳቋን ለመደበቅ መቀሱን ጣለችና አጎነበሰች። አሥር ቀሚስ የሚሰፉት ወሩ ሙሉ ቀንቷቸው ከሆነ ነው።

"ሠራተኞቹስ የታሉ?"

"ምሳ ወጥተው ነው።"

ሰውዬው አንድም ሳያስቀር ጻፈ። እናት ትንሽ ገረማት፤ ግን ሀብታም ጠንቃቃ ነው ብላ አለፈችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! እውነተኛው አጎት የመጣው መኪኖቹ ለባለቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ነበር። አንዲቷን መኪና አየ፣ ሳል ሳል አለ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከልጁ ቤት ድምፅ ጠፋ።

የግብር ወረቀት ሲመጣ እናት አልፈርምም አለች። መልእክተኛው በሩ ላይ ለጥፎት ሄደ። ቁንጫ አንገቷን አስግጋ አነበበችው።

"እማዬ፣ ይሄ ብር ነው ስልክ ቁጥር?"

እናትም አነበበችው። ያ ኮት የለበሰው ሰውዬ የግብር ገማች እንደነበረ ያኔ ነው የገባት። ግን አንድ እምነት ነበራት፤ ያልፈረመችበት ወረቀት አይነካትም። ጠንካራ ወረቀት ደግሞ ለልብስ ልክ መቁረጫ ይሆናል። የመጀመሪያው ወረቀት የአንገት ልክ ሆነ፣ ተከትሎ የመጣው ማስጠንቀቂያ እጅጌ ሆነ፣ የመጨረሻው ኪስ ሆነ። ጨርቅ ልትገዛ ባንክ ስትሄድ ገንዘብ ከፋዩ "ሂሳብዎ በግብር ዕዳ ታግዷል" አላት። ጨርቅ ሳትገዛ እያለቀሰች ተመለሰች።

ግብር ቤት ሲሄዱ መስኮቱ ጋ የነበረችው ጸሐፊ ክፉ አልነበረችም። እሱ ነው የባሰው።

"እናቴ፣ ግምቱ በዛብኝ ብለው ቅሬታ የሚያቀርቡበት ጊዜ ነበር። አልፏል።"

"አልደረሰኝም እኮ!"

"በር ላይ የተለጠፈ እንደደረሰ ይቆጠራል።"

"ደርሶን ለብሰነዋል" አለች ቁንጫ በአፍንጫዋ። እናቷ በክርን ደቆሰቻት።

"ሌላ መንገድ የለም፣ እህቴ?" አለች ቁንጫ ድምፅዋን አለስልሳ።

"ከፋፍሎ መክፈል አለ፤ ግን ሲሶው በቅድሚያ ይገባል።"

"ያለንን ባንክ ውስጥ ያዛችሁት!" አለች እናት።

"እሱ ዕዳው ላይ ታስቧል፤ ሲሶ አይሞላም። ሕጉ ግን መተዳደሪያ ዕቃ አንድ ይተዋል። ከአራቱ መኪና አንዷ ትቀርልዎታለች፤ ሦስቱ ለሐራጅ ይወጣሉ።"

"ያለችኝ አንድ ናት! ሌሎቹ ውሰት ነበሩ።"

ጸሐፊዋ መዝገቡን አየች። "አራት ይላል፤ በራስዎ አንደበት። የሦስቱ ባለቤት የእኔ ናቸው ብላ ትፈርምልዎ። አለዚያ ንብረት ሸሽገዋል ማለት ነው። ለሸሸገ ሰው ከፋፍሎ መክፈልም የለም፤ አንዷም አትቀርልዎትም።"

በቀጥታ ዩኒፎርም ሰፊዋ ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ሦስት አለኝ ብዬ ልፈርም? እኔ ግብር ቤት የተመዘገብኩት በአንድ መኪና ነው፣ እህቴ! ነገ የእኔን በር ይቆረቁሩታል።"

"እትዬ፣ ያለችንን አንዷን እኮ ሊወስዱብን ነው" አለች ቁንጫ።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። አውቃለሁ። የኔን ልጆችስ ማን ያበላልኛል?"

እናት አልተከራከረችም። መንገድ ላይ "እኔም ብሆን አልፈርምም ነበር" አለች።

የግብር ቤት ሰዎች ሲመጡ የደንበኛ ቀሚስ መርፌው ሥር ነበር። እናት ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀሚሱን አወጣች። ሁለት ጎረምሶች መኪናዋን ከነእግሯ አንሥተው ጫኗት። አብሯቸው የመጣው ሹም ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፦ አንድ መኪና ተይዟል፤ ሦስቱ አልተገኙም፤ ፍለጋው ይቀጥላል። እናት ፈረመች።

"ሦስቱን ስታገኟቸው አንዷን ለኛ ላኩልን" አለች ቁንጫ። ማንም አልሳቀም። ራሷም አልሳቀችም።

"ተሸጣ የማትሸፍነው ዕዳ በእናንተው ላይ ይቆያል" አለ ሹሙ፣ ሳይጨክን፣ እንደ ደንቡ። ሄዱ።

እናትና ልጅ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀሚሱን በእጅ ይሰፉ ጀመር፤ እናት በአንዱ ጎን፣ ቁንጫ በሌላው። የቀሚሱ ባለቤት ነገ ትመጣበታለች። ጥቂት እንደሰፉ እናት እጇን አቆመች።

"ሴትዮዋ ብትከፍለንስ፣ ብሩንም መጥተው ይወስዱት የለም? ለማን ነው የምንሰፋው?"

  ቁንጫ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ የሱቁን በር ልትዘጋ ተነሣች። ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች።