ለብረት በጎች የተመረጠ ጠመንጃ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሐሰት ከተገኘች፣ መንደሩ ሁሉ የሚቀናበት ይህ ቀኝ ዓይኔ ከዛሬ ጀምሮ ከሰማንያ ሜትር ወዲያ አይይ! በሦስት መቶ ሜትር ላይ ያለችን ዝንብ ሴት ትሁን ወንድ የሚለይ ዓይን ነው፤ የሱን ነገር ለሌላ ቀን።

ኤሎይ ሦስተኛውን ጠመንጃ በአሸዋ ከረጢቱ ላይ አጋድሞ ትንፋሹን ይዟል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሜዳው ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ ተራራ ጥላውን ገና አልሰበሰበም። ንፋሱ ጥጃ ያነሣ ነበር፤ አላመናችሁኝም? እሺ፣ ባርኔጣ ያነሣ ነበር።

ኤሎይ የከተማችንን የውኃ ቧንቧ የሚጠግን ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ አበልጄ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ እሑድ በክለባችን ሜዳ ከብረት የተቆረጡ እንስሳት ይተኩሳል፤ ዶሮዎቹ በአርባ ሜትር ላይ፣ በጎቹ በመቶ። የሚተኮሰው ቆሞ፣ ክንድን ሳያስደግፉ ነው። ጠመንጃው ትንሽ ጥይት የሚጎርስ ቀላል ባለሃያ ሁለት ሆኖ፣ ከሥሩ ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ ሲመልሱት የሚቀባበል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይመታል፤ በጉ ካልወደቀ አይቆጠርም። በግጥሚያ ቀን አምስቱንም በጎች ያለ ስህተት የጣለ ሰው፣ አንዱ በግ ስሙ ተጽፎበት በክለቡ ግድግዳ ላይ ይሰቀልለታል።

የአባቱ የዶን አቤኒሲዮ ስም ከተሰቀለ አርባ ዓመት አልፎታል። ኤሎይ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌው በሕይወት እያሉ ስሙ ከስማቸው ጎን እንዲሰቀል። አራት የጣለበት ጊዜ ብዙ ነው። ከካቻምና ወዲህ ግን ሁለት መጣልም አቃተው።

በግጥሚያ ጊዜ ከእያንዳንዱ ተኳሽ ጎን፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ በአጉሊ መነጽር እያየ የሚነግረው ሰው ይቀመጣል። ለኤሎይ የሚነግሩት አባቱ ናቸው። "ዝቅ አልክ"፣ "ወደ ግራ ሄደብህ" ይሉታል፤ እሱም ባሉት መሠረት ያስተካክላል።

"ይኼ ጠመንጃ አርጅቷል፣" አሉት ባለፈው ወር። ጠመንጃው የራሳቸው የነበረ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው የሰጡት ነው። "የአፈሙዙ ውስጥ ተበልቷል። ሌላ ምረጥ።"

እንግዲህ ምርጫው ላይ ነን። ባለሱቁ ሁለት አዳዲስ ጠመንጃ ለአንድ ቀን አውሶታል፤ መቶ ሜትር ላይ ወረቀት ለጥፈናል። አማካሪውም፣ ዳኛውም፣ ወረቀት አመላላሹም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው አዲስ ጠመንጃ እንጨቱ የሚያብለጨልጭ ቆንጆ ነበር፤ ጥይቶቹን ግን እንደ ፈራች ዶሮ ጫጩቶች በተናቸው። ሁለተኛው፣ አፈሙዘ ከባዱ፣ አምስቱንም አንድ እንቁላል በሚያህል ቦታ ሰበሰበ። ሦስተኛው አሮጌው ነው፤ ኤሎይ ያመጣው ለስንብት ያህል ነው።

አምስት ተኮሰ። ወረቀቱን ሮጬ አመጣሁለት። አምስቱን ቀዳዳዎች አንዲት ሳንቲም ትሸፍናቸዋለች።

"የሆነ ነገር አድርገህበታል፣" አለኝ።

"ምን አደርገዋለሁ? በጥርሴ በሳሁት?"

"በምላስህ ነው እንጂ! እሱ የማይበሳው ምን አለ?"

ደገመው። ያው ሆነ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አስተኛው።

"ተነስ አበልጄ፣" አልኩት። "ቆመህ በጎቹን ተኩስ። ማንም ምንም አይልህም፤ እኔ እንኳ አፌን እዘጋለሁ።"

"አፍህ ተዘግቶ ካየሁማ ክለቡን ራሱን ይስቀሉልኝ!"

ተነሣ፤ ተኮሰ። አንዱ ወደቀ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ሲወድቅ የብረቱ ጩኸት ጎረቤታችን ኮሎራዶ ግዛት ድረስ ተሰማ። ግጥሚያ ስላልሆነ አይቆጠርም።

"የአባትህ ዓይን ነው፣" አልኩት። "የሚነግሩህን ጥይት አያዩትም።"

"ዝም በል።"

"ነገ እኔን አስቀምጠኝ። ዓይኔን ታውቀዋለህ።"

"አውቀዋለሁ። አምና የኛን የፖስታ ሣጥን በመኪና የገጨ ዓይን።" የጥይት ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ ከመሬት ለቀመ። "ምን ልበላቸው? 'አባባ፣ ከወንበሩ ይነሡና ጥላ ሥር ይቀመጡ' ልበላቸው?"

"ግድግዳውስ?"

አሮጌውን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቀለለው። "አፈሙዘ ከባዱን እገዛለሁ።"

"ለመኪናህ ካምቢዮ ባስቀመጥከው ገንዘብ? ይኼን የመሰለ ጠመንጃ በእጅህ እያለ?"

"አባቴ አርጅቷል ብለዋል፤ በቃ፣ አርጅቷል።"

በማግሥቱ በአዲሱ ጠመንጃ፣ አባቱ ከጎኑ ተቀምጠው እየነገሩት፣ ሦስት በግ ጣለ።

"አየህ?" አሉት ዶን አቤኒሲዮ እየሳቁ። "ነገሩ የጠመንጃው ነበር!"

"ልክ ነበሩ፣ አባባ።"

ሽማግሌው እስከ ዛሬ የሚያውቁት ነገር የለም።

ይህን ጽፌ፣ በክለቡ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት፣ የኤሎይ ሚስት ፕሪሲላ ፊደሉን እንድታርምልኝ ወጥ ቤቷ ገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽማግሌው ደጅ አረንጓዴ በርበሬ የሚጠብሱ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ የተጠበሰውን በርበሬ ልጣጭ በጣታቸው እየዳሰሱ ይልጣሉ።

"ሴሌዶኒዮ፣" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ያን ቅዳሜ አንተ እዚያ አልነበርክም።"

ፕሪሲላ ምጣዱን ማጠብ ጀመረች። ከኤሎይ ሰምታ ነገሩን የነገረችኝ እሷ ነች።

"እኔ ግን ነበርኩ። መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን ከፍቼ። ልጄ ብቻውን ነበር፤ አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም። ብረቱ አምስት ጊዜ ሲጮህ ሰማሁ። እኔ ምንም ሳልናገር፣ አምስት።" አንድ በርበሬ ልጠው ሳህኑ ላይ አኖሩ። "ዓይኔ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል። ጠመንጃው አርጅቷል ያልኩት ከዚያች ወንበር እንዳልነሣ ነው። መኪናው ጋ መጥቶ 'ልክ ነበሩ፣ ጠመንጃው ነው' አለኝ። እኔም 'ነግሬህ ነበር' አልኩት።"

"አልነበርኩም፣" አልኳቸው። ይህም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

"በሚቀጥለው ግጥሚያ አሮጌውን ይዞ ይመጣል፤ እሱን ለኔ ተወው። አንተ ከኋላዬ ትቆማለህ። ጥይቱ የት እንዳረፈ አይተህ በጆሮዬ ትነግረኛለህ፤ እኔ ለሱ እነግረዋለሁ።" ፊታቸውን ድምፄን ወደ ሰሙበት አዞሩ። "ያ ዓይንህ ግን እውነት እንደምትለው ነው?"

ወረቀቴን አጠፍኩ።

"እስከ ሰማንያ ሜትር ድረስ ደኅና ነው፣ ዶን አቤኒሲዮ።"

"በጎቹ መቶ ላይ ናቸው፣" አሉኝ። "ሐሙስ ሄደህ መነጽር አሠራ።"