ለቢያዝን ፒክአፕ የተመረጠው ዘይት

ሂዳያ ዘይቱን የመረጠችው ወፍራም ስለሆነ ነው። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለም! አባቷ አብዱሰመድ ሞጣ ላይ የመኪና ዘይት መሸጥ ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው። ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሲሄድ ሱቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ ብቻ ትቶላት ሄደ፤ እሷም ከደስታዋ ብዛት ባንኮኒውን ሦስት ጊዜ ወለወለችው። ሲወጣ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንድ ደንበኛ ካጉረመረመ ሱቅ መቆሙ ይቀራል፣ ቢቸና አክስትሽ ዘንድ ስፌት ትማሪያለሽ።» ስፌት! ሂዳያ እኮ መርፌ ስታይ ጥርሷን ያማታል።

የመጀመሪያው ደንበኛ የቢቸናው ሹፌር ቢያዝን ሆነ። ፒክአፑ በዕድሜ የሂዳያን እጥፍ ትሆናለች። «የዲፈረንሻል ዘይት ስጪኝ» አላት። ዲፈረንሻል ማለት ያ ከኋላ ሁለቱ ጎማዎች መሀል እንደ ትልቅ ድንች የተንጠለጠለው ብረት ነው። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ዘይት አለ። አንዱ ቀጠን ያለ፣ አቧራ የጠጣ፣ ማንም የማይገዛው። ሌላው መቶ አርባ የሚባለው፣ ሲቀዳ እንደ ማር የሚለጠጥ።

«አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ሰው ነው ጋሼ፣ ወፈር ያለ ነገር ይወዳል» ብላ መቶ አርባውን ሰጠችው።

«እውነትሽን ነው» ብሎ ሄደ። ሁለቱም በጣም እርግጠኞች ነበሩ።

በማግስቱ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ሥራ ስትፈታ ያንን አቧራ የጠጣ ቆርቆሮ ወልውላ ጀርባውን አነበበችው። ኤል ኤስ ዲ ይላል። ስልኳ ላይ ፈለገችው። ለካ አንዳንድ የድሮ መኪና ዲፈረንሻል ውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያሉ ዝርግ ነገሮች አሉት፤ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ በባዶ ሲሽከረከር ሌላው እንዲስብ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የራሳቸው ቅመም ያለበት ዘይት ካላገኙ ግን ኩርባ ላይ ይጣበቃሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያቃስታሉ፣ ቆይተውም ተበልተው ያልቃሉ። ሂዳያ ቆርቆሮውን መልሳ አስቀመጠችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ።

በሦስተኛው ቀን አባቷ ተመለሰ። በአራተኛው ቢያዝን ተመለሰ።

«አብዱሰመድ! ቅቤ ነጋዴ ሙዝ ይቀላቅላል፣ አንተስ ዘይትህ ላይ ምን ቀላቀልክበት? ኩርባ በዞርኩ ቁጥር መኪናዬ ጥጃዋ እንደሞተባት ላም ታቃስታለች! ቅልቅል መሸጥህን ቢቸና መናኸሪያ ያልነገርኩት ሰው የለም!»

«ወላሂ ቅልቅል ሸጬ አላውቅም!»

«ታዲያ መኪናዋ ናት የምትዋሸው?»

የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ፋንታ ተጠሩና የዘይት ሳጥን ላይ ተቀመጡ። የድንበር፣ የጋብቻ፣ የላም ጠብ ስንቱን አስታርቀዋል! ስለ ዲፈረንሻል ምንም አያውቁም፤ ይኼም አላስቸገራቸውም።

«አብዱሰመድ፣ በቁርአን ትምላለህ?»

«እምላለሁ።»

«እንግዲያ ቢያዝን፣ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

አለቀ! ሂዳያ ዝም ካለች ሁሉም ነገር አለቀ። ቢያዝን አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ ይቅርታ። እኔም ነገ ዲፈረንሻሉን አስፈትቼ አስበይደዋለሁ። ሁለቱ ጎማ አንድ ላይ ይታሰር፣ ቢያንስ ዝም ይላል።»

«አይበየድም!» አለች ሂዳያ፤ ድምጿ ለራሷም ጮኸባት። «ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ግን የእሷ ዘይት አይደለም! ሳልጠይቅ የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

«አንቺ፣ ሽማግሌ ፊት!» አለ አባቷ።

ጋሽ ፋንታ እጃቸውን አነሱ። «ምስክር አለሽ?»

«አለኝ ጋሼ። ጎማው።»

ጋሽ ፋንታ ሳጥኑ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «ይጠራ።»

የፒክአፗን የፊት ጎማዎች በድንጋይ አስደግፈው፣ ከማርሽ አውጥተው፣ ኋላዋን በሁለት ክሪክ አነሷት። «የቀኙን ያዙሩልኝ» አለቻቸው። ጋሽ ፋንታ ጋቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው አዞሩ። የግራውም አብሮ ወደዚያው ዞረ።

«ተራ ዲፈረንሻል ቢሆን የግራው ወደ ተቃራኒው ነበር የሚዞረው። ይኼ ሸራ ያለው ነው» አለች።

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ደገሙት። ምስክሩ ቃሉን አልለወጠም።

መቶ አርባውን አፍስሰው ቀጭኑን ሞሉበት። ዘይቱ ሸራዎቹ መሀል እንዲገባ ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ መንዳት ያስፈልጋል፤ ጋሽ ፋንታ «ፍርድ የሰጠሁ እኔ ነኝ» ብለው ጋቢና ገቡ። በዘጠነኛው ዙር ማቃሰቱ ቆመ። ሽማግሌው በሩን ይዘው ወረዱ። «መኪናዋ ደህና ናት» አሉ። «እኔን ግን አስቀምጡኝ።»

አባቷ ፊቱን ወደ ሂዳያ አዞረ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«እሱ ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ።»

ጀርባውን ሰጥቷት ክሪኮቹን መሰብሰብ ጀመረ። ኧረ ቢጮህባት ይሻላት ነበር! የተናገሩት ጋሽ ፋንታ ናቸው፤ «ቢቸና የተዘራ ወሬ ቢቸና ይለቀማል። እሱ የለፈፈውን፣ እሷ የደበቀችውን፣ መናኸሪያው መሀል ቆመው ይናገሩ።»

በነጋታው ሂዳያና ቢያዝን ጉንደ ወይንን አልፈው ቢቸና እስኪገቡ ድረስ ፒክአፗ በአንድም ኩርባ አላቃሰተችም። መናኸሪያው ውስጥ ቢያዝን «ያወራሁት ሐሰት ነው» ብሎ ጎማው እንዴት እንደመሰከረ ተረከ። ሂዳያ ቀጠለች፤ «ያልሆነ ዘይት የሰጠሁት እኔ ነኝ። አውቄም ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ። አባቴ ቅልቅል አይሸጥም።»

ሹፌሮቹ ከበቧት። በመጨረሻ ኃይለ ሚካኤል የሚባለው ሽማግሌ ሹፌር የጥርስ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና፣ «ልጅት፣ አባትሽ ራሱ መጥቶ ቢምል አላምነውም ነበር፤ በራሷ ላይ የምትመሰክርን ግን አምናለሁ» አላት። «በይ የእኔንም ጎማ አንሺልኝ።»

አመሻሹ ላይ አባቷ ጋ ደወለች። «አባዬ፣ ስድስት መኪና አነሳሁ። አራቱ ተራ ናቸው። ሁለቱ ሸራ ያላቸው ሆነው ያልሆነ ዘይት ነው ያለባቸው። ሐሙስ ሱቅ ይመጣሉ።»

ስልኩ ውስጥ አባቷ ቆርቆሮዎቹን ሲቆጥር ተሰማ።

«ማንን ብለው ነው የሚመጡት?»

«እኔን።»

«እንግዲያ» አለ አብዱሰመድ፣ «አክስትሽ ዘንድ እንዳትቀሪ፤ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጥሽ ተመለሺ።»