ሁለት ረድፍ ተሰርዟል

ኂሩት ለንደን፣ አርችዌይ ባለው የአረጋውያን ማኅበር ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ዋና ሥራዋ ጠዋት ጠዋት ለደከሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እየደወለች «እንደምን አደሩ?» ማለት ነበር። ስልኩን ያላነሳ ካለ ወዲያው ሰው ይላካል። በዚህ መንገድ ሦስት ነፍስ ተርፏል። ማን በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ፣ ማን ቶሎ እንደሚቆጣ፣ የማን ልጅ ካናዳ እንዳለች፣ ሁሉንም በአንድ ወፍራም ደብተር ጽፋ ይዛ ነበር።

ደብተሩ ግን ከእሷ በቀር ለማንም የሚገባ አልነበረም። አንድ ሰው ሦስት ገጽ ላይ ይገኛል፤ አንዱ ላይ የድሮ አድራሻው፣ ሌላው ላይ አዲሱ፣ ሦስተኛው ላይ ቅጽል ስሙ ብቻ። ሊቀ መንበሩ አቶ ተክለአብ በዚህ ተማረሩና ኖላዊን አመጡ። ኖላዊ እዚሁ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ በዴታቤዝ፣ ማለትም በኮምፒውተር መዝገብ ሥራ ስሙ የተጠራ ልጅ ነው። ለማኅበሩ በነፃ ሊሠራ ተስማማ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁት።

«እትዬ ኂሩት፣ ሩሉ ቀላል ነው» አላት በመጀመሪያው ቀን። «አንድ ነገር የሚጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ አባል የማይደገም ቁጥር ይኖረዋል። አባላት በአንድ ሠንጠረዥ፣ ቤተሰቦቻቸው በሌላ ሠንጠረዥ። የሚስትየዋ ረድፍ ላይ የባልየው ቁጥር ይጻፋል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በዚያ ነው።»

ኂሩት ስክሪኑን ትክ ብላ አየች። «ሚስትየዋ ለራሷ አባል አይደለችም እንዴ?»

«አባሉ ፎርሙን የሞላው ሰው ነው። እሷ ከሥሩ ናት።»

«እሱ ሲሞትስ? ማን ላይ ትንጠለጠላለች?»

በክፍሉ ውስጥ አምስት ወጣት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ኖላዊ ወደ እነሱ ዞሮ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ይሄ ዴታቤዝ ነው፤ እድር አይደለም።» ሳቁ። ኂሩትም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀላ።

ጥያቄዋ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። እናት ረድፍ የሚባለው የዋናው አባል ረድፍ ሲሰረዝ ከሥሩ ያሉት ምን ይሁኑ የሚለውን መወሰን የዲዛይነሩ ሥራ ነው። ሲስተሙ «ከሥሩ ሰው አለ» ብሎ እንዲከለክል ማድረግ ይቻላል፤ የሥሩን ሰው ብቻውን እንዲያቆም ማድረግም ይቻላል። ኖላዊ መጀመሪያ ክልከላውን አድርጎት ነበር። ሲሞክረው በየደቂቃው እየከለከለ አስቸገረው፤ ስለዚህ እናት ረድፉ ሲሰረዝ ከሥሩ ያሉትም አብረው እንዲሰረዙ አደረገውና ወደ ቤቱ ሄደ።

ሁሉም ነገር ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገለበጥ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ያለቀ ዕለት ኖላዊ፣ የሰው ምስጢር በወረቀት ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል ብሎ፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ እየገነጠለ ወረቀት የሚበጣጥሰው ማሽን ውስጥ ከተተው። ኂሩት ቆማ እንድታይ አደረጋት። «ልማድ ከባድ ነው፤ ካላዩት አይተዉትም» አላት።

ከዚያ በኋላ መደወሉም ከእሷ ተወሰደ። ሲስተሙ ጠዋት ጠዋት ስሞቹን ለአምስቱ በጎ ፈቃደኞች በየስልካቸው ያከፋፍላል። አንዱ የሌላውን ዝርዝር አያይም። ኂሩት በር የምትከፍት፣ ፎርም የምታስሞላ ሆነች።

በመጋቢት አቶ ሳህሉ ዐረፉ። ስቶክዌል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤታቸው ከእማማ ፀሐይወርቅ ጋር ይኖሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ከቀብሩ በኋላ ማኅበሩ ለሞቱት ለአቶ ሳህሉ የፋሲካ ግብዣ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ለቀስተኛ ፊት ተነበበ፤ እማማ ፀሐይወርቅም እንደ አዲስ አለቀሱ። አቶ ተክለአብ በማግስቱ ቢሮ ገብተው ጮኹ።

«የሞተ ሰው ከሕያው ጋር ምን ይሠራል! ዛሬውኑ አጥፊው!»

ኂሩት የአቶ ሳህሉን ስም አወጣች። መሰረዣውን ስትነካ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ መጣ። ኖላዊ ጋ ደወለች።

«ጋሽ ሳህሉን ላጥፋቸው ነበር። እማማ ፀሐይስ? ምንም አይሆኑም?»

ኖላዊ ስብሰባ ላይ ነበር። «እትዬ፣ እያንዳንዷን ክሊክ ልትጠይቂኝ ነው? ተጫኚው» አላት። አንቱታው እንኳን ቀርቶ ነበር።

ተጫነችው። «ሁለት ረድፍ ተሰርዟል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ጠፋ። ሁለት የተባለው ምን እንደሆነ አልገባትም። ደግማ ልትደውልለት አሰበችና ተወችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማማ ፀሐይወርቅ ስም በማንም ስልክ ላይ አልወጣም። አሥራ አንድ ቀን እንደዚህ አለፈ። በዘጠነኛው ቀን ኂሩት ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷን፣ ራኬብ የምትባለውን ተማሪ፣ «እማማ ፀሐይ ድምፃቸው እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«የእኔ ሊስት ላይ የሉም። ሌላ ሰው ጋ ይሆናሉ» አለች ራኬብ። ሌሎቹም ቢጠየቁ ያንኑ ይሉ ነበር።

እማማ ፀሐይወርቅ የወደቁት በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ነው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ስልኩ ሳሎን ነው። መጮህ ሲያቅታቸው በነጠላ ጫማቸው የማሞቂያውን ቧንቧ መምታት ጀመሩ። ከላይ ያለችው ፖርቹጋላዊት ጎረቤት ድምፁን ሰምታ ቧንቧው የተበላሸ መሰላት። ለቤቶቹ አስተዳደር ደውላ አቤት አለች። በሁለተኛው ቀንም ተናድዳ ደገመች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሠራተኛ ድምፁን ተከትሎ ወደ እማማ ፀሐይወርቅ በር ወረደ፤ በፖስታ ማስገቢያው አጮልቆ እግራቸውን አየ።

አልሞቱም። ኩላሊታቸው ግን ተጎዳ፤ መራመድም ቀረ። ወደ ቤታቸው እንደማይመለሱ ተነገራቸውና መጦሪያ ቤት ገቡ። አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞላ። ኖላዊ አንድ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ አበራ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ የሚመዘገብበት ነው። አንዱን ረድፍ በቀይ አቅልሞታል። የኂሩት ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተሰረዘ፦ ሁለት።

«ሲስተሙ እርግጠኛ ነዎት ብሎ ጠይቋል» አለ በእርጋታ። «አዎ ብለዋል።»

ኂሩት ተነሣች። «ደውዬ ጠይቄህ የለም እንዴ? ተጫኚው አላልከኝም?»

«በቀን ስንት ሰው ይደውልልኛል። አላስታውስም።»

ራኬብ ከኋላ እጇን አወጣች። ኮምፒውተር ነው የምታጠናው። «አንድ ሰው ሲሰረዝ ሚስቱም አብራ እንድትሰረዝ ያደረገው ማን ነው? እሱ ሴቲንግ በራሱ አይመጣም» አለች። ኖላዊ ሽማግሌዎቹ ሊከተሉት በማይችሉት ፍጥነት በእንግሊዝኛ መለሰላት። ትርጉሙ፦ ስለዚህ ጉዳይ ለብቻችን እናውራ፤ ለሥራ ማመልከቻሽ ከእኔ ደብዳቤ ትፈልጊ የለም? የሚል ነበር። ራኬብ ተቀመጠች።

ኂሩት ወደ አቶ ተክለአብ ዞረች። «ጋሼ፣ አጥፊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ሟቹን አልኩ እንጂ ሕያዋን አጥፊ መቼ አልኩሽ?» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዲት ሴትዮ፣ ኂሩት ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የደወለችላት፣ «ነፍሰ በላ!» ብላ አማተበች። ኂሩት በዚያው ቀን የቢሮውን ቁልፍ አስረከበች።

ኖላዊ በማግስቱ ቁርሱን እየበላ ሲስተሙን አስተካከለው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ የሞተ ሰውም ከመሰረዝ ይልቅ «ዐርፈዋል» ተብሎ እንዲቆይ አደረገ። ለማንም አልተናገረም። የማኅበሩ ዓመታዊ ምስጋና ለእሱ ተሰጠ።

ኂሩት ዌምብሊ የልብስ መደብር ውስጥ ሥራ አገኘች። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኗ ብርቱካን ይዛ መጦሪያ ቤቱ ሄደች። እማማ ፀሐይወርቅ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የሕፃን ያህል አንሷል።

«ኂሩት» አሉ። «ስልኩን እሰማው ነበርኮ። ሳሎን ነው ያለው፤ ቢጠራ ይሰማኛል። ሲነጋ ልጆቹ ቢረሱኝ እንኳ ዛሬስ ኂሩት ትደውላለች፣ ሳላነሳ ስቀር ሰው ትልካለች እላለሁ። እንደገና ይነጋል። አልጠራም።»

«ስምዎ ከዝርዝሩ ጠፍቶ ነው፣ እማማ።»

«ማን አጠፋው?»

ስለ ሠንጠረዡ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ኖላዊ ለማስረዳት አፏን ከፈተች። ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

«እኔ ነኝ» አለች።

አሮጊቷ ወደ እሷ ዞሩ። «ሳህሉ ሞተ ብለሽ?»

ኂሩት አለቀሰች። እማማ ፀሐይወርቅ ብርቱካኑን ከጭናቸው ላይ አንስተው መለሱላትና አስታማሚዋን ጠሩ።

«ይቺን ሴትዮ አውጪልኝ» አሉ። «ዳግመኛም አታስገቧት።»