ዘጠኝ ኪሎ ወንበር

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሌላው ሰው ዕቃ እንዳያባክን መምከር ነው። ምክሩ በሚያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት ይታተምና በየቦታው ይታደላል፤ ሳይታደል የቀረው ደግሞ ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ቤት ይቆለላል። ይህን ዕቃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀውን ሰው ሁሉም ጋሽ ብሎን ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሲራመድ ኪሱ ስለሚንቃጨል ነው። የወደቀ ብሎን አይቶ አያልፍም፤ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ ኪሱ ይከታል። ኪሱ ሲሞላ በየዓይነቱ ለይቶ ቆርቆሮዎቹ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ብሎኑን ለብቻ፣ ማጠፊያውን ለብቻ፣ ሞላውን ለብቻ። የዚያ ሕንፃ በር ሳይንሻፈፍ፣ መሳቢያው ሳይወልቅ የኖረው በእነዚያ ቆርቆሮዎች ነው። አመስግኖት የሚያውቅ ሰው ግን የለም፤ ያልተሰበረን ነገር ማን ያስተውላል?

ጡረታ ሊወጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሐሳቡን ጨርሷል። ቆርቆሮዎቹን፣ እንዲሁም በገዛ ገንዘቡ የገዛቸውን መፍቻ፣ ፒንሳና መዶሻ ይዞ ቤቱ በራፍ ላይ የጥገና ሥራ ይጀምራል። ሚስቱ ከአጥሩ ጥግ ቦታ ጠርጋ፣ ጠረጴዛ አውጥታ ትጠብቀዋለች። "ሥራ ፈትተህ እቤት ከዋልክ እኔንም ብሎን በብሎን ትፈታታኛለህ" ብላዋለች። የቀረችው በእጁ የቀረ ንብረት የለም የምትለው ክሊራንስ ብቻ ናት።

ክሊራንሷን የያዘችው ደግሞ ባለ ዑደቷ ናት። ባለ ዑደቷ ከስድስት ወር በፊት የተቀጠረች ወጣት ባለሙያ ስትሆን፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከውልደቱ እስከ ሞቱ የሚሄድበትን መንገድ 'ዑደት' እያለች ኮምፒውተሯ ላይ በሳጥንና በቀስት ትስላለች። ጎበዝ ናት፣ ሰው አክባሪም ናት፤ ችግሯ ከሳጥኑ ውጪ ያለ ነገር ያለ አይመስላትም። በእሷ ጥናት አርባ ሦስት አሮጌ ወንበሮች "አገልግሎታቸውን ጨርሰዋል" ተባሉና ወደ ማቅለጫ ሄዱ። በምትካቸው ለአካባቢ ተስማሚ የተባሉ ባለ ጎማ ወንበሮች፣ እያንዳንዳቸው በሦስት ዙር ላስቲክ ተጠቅልለው ገቡ። ላስቲኩን ተረክቦ ያከማቸው ጋሽ ብሎን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፗን ታቅፋ ከደረጃው ሥር ወረደች።

"ጋሼ፣ ዘጠኝ ኪሎ ጎደለ" አለችው።

"የምን ዘጠኝ ኪሎ?"

"የብረት። ወንበሮቹ ሲገዙ የተመዘገበ ክብደት አለ፤ ማቅለጫው መዝኜ ተረከብኩ ያለውም አለ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ብረት ብን ብሎ አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው።"

"አለ እንጂ" አለ ጋሽ ብሎን ደስ ብሎት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ ነው። "ፎቅ ላይ ነው። እትዬ መዝገብ ተቀምጣበታለች።"

እትዬ መዝገብ የሚሏት የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ነው። ወገቧን ያማታል። የመዝገብ ቤቱ ወለል ያረጀ ጣውላ ስለሆነ አዲሱ ወንበር ጎማው ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ሁለት ጊዜ ከነፋይሏ ገልብጧታል። ከዚያ በኋላ የቀለም ባልዲ ደፍታ ስትቀመጥ ጋሽ ብሎን አየና አላስቻለውም። ወደ ማቅለጫ ከሚጫኑት ወንበሮች ከአንዱ እግር፣ ከሌላው መቀመጫ፣ ከሦስተኛው መደገፊያ ፈትቶ አንድ ወንበር ገጠመላት። የተቀመጠችበት ዕለት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ባለ ዑደቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። "ጋሼ፣ ይሄ ወንበር እኮ የለም።"

"ወጥተሽ እዪው።"

"መኖሩንማ አምናለሁ። ግን ሠንጠረዡ ላይ ሦስት ጊዜ ሞቷል። የሞተ ዕቃ ተመልሶ አይመጣም።"

"ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት የለሽም?"

"አለኝ። ግን የሚያልፈው በማቅለጫው በኩል ነው።" ስክሪኑን አዞረችለት። እውነትም ቀስቱ ዞሮ ዞሮ እቶን ውስጥ ገብቶ ነው የሚወጣው። "ጥገና የሚል ሳጥን ፕሮግራሙ የለውም። ወንበሩ ይሂድና ለእትዬ ሌላ እናዝዝላታለን።"

"ማቅለጫው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለዘጠኝ ኪሎ የጭነት መኪና?"

"የመኪናው ጭስ በሌላ ሠንጠረዥ ነው የሚገባው። እሱን የሚሠራው ሌላ ክፍል ነው።"

ጋሽ ብሎን ወደ ቆርቆሮዎቹ ዞረ። እሷ ግን አልጨረሰችም። "አርብ ዕቃ ባለማባከናችን የሚሰጠንን የምስክር ወረቀት እንቀበላለን። ዳይሬክተሩ 'ዜሮ ብክነት' ብለው ጋዜጠኛ ጠርተዋል። ዘጠኙ ኪሎ እስኪሟላ ድረስ ደግሞ የእርስዎን ክሊራንስ መፈረም አልችልም። ሠንጠረዡ ጉድለቱን የሚያሳየው በእርስዎ እጅ ላይ ነው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሌባ ማለቴ አይደለም፣ ጋሼ።"

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ሌባ የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው አልነበረም።

ደረጃውን እያቃሰተ ወጥቶ ለእትዬ መዝገብ ነገራት። ከፋይሏ ቀና አላለችም። "ወንበሬን የሚወስድ እኔንም አብሮ ይመዝነኝ" አለች። "ሰባ ሁለት ኪሎ ነኝ፣ ትርፍ ይኖረዋል።" ቀጥላ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ያንተ ጡረታ የሚቀር ከሆነ ውሰደው። ባልዲው አልተጣለም።"

ጋሽ ብሎን ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ወንበሩን ሳይነካ ተመልሶ ወረደና ባለ ዑደቷን አስጠራት።

"ሠንጠረዥሽ የምን ብረት ነው ብሎ ይጠይቃል?"

"አይጠይቅም። ብረት ይላል፣ ኪሎ ይላል።"

"እንግዲያው ነገ ነይ።"

በማግሥቱ ከፖስታ ክፍሉ ሚዛን ተዋሰ። ቆርቆሮዎቹ ከመደርደሪያው ተራ በተራ ወረዱ። ብሎኑ ብቻውን ስድስት ኪሎ ተኩል መዘነ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ጎንበስ እየተባለ የተለቀመ ነው። ማጠፊያውና ሞላው ሲጨመሩ መርፌዋ ስምንትን አለፈች። መዶሻውን ጨመረ፣ ፒንሳውን ጨመረ። መፍቻውን ግን እጁ ውስጥ አቆየው፤ እጀታው በአውራ ጣቱ ልክ ጎድጉዷል።

"ሩብ ኪሎ ይጎድላል፣ ጋሼ" አለች ባለ ዑደቷ፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ።

አስቀመጠው። ላፕቶፗ ላይ ቀይ የነበረው ሳጥን አረንጓዴ ሆነ። ልጅቱ ከልቧ ተደስታ ክሊራንሱን እዚያው ፈረመችለት፤ የዘጠኙን ኪሎ የርክክብ ወረቀትም አንድ ቅጂ ሰጠችው። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና፣ ሾፌርና ረዳት ተመድቦለት፣ ቆርቆሮዎቹን ብቻ ጭኖ ወደ ማቅለጫው ተነሳ። ጋሽ ብሎን በር ላይ ቆሞ ሸኘው። ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት አላወቀም።

አርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የምስክር ወረቀቱ በወርቃማ ፍሬም ሆኖ መጣ፤ "አንዲት ብሎን እንኳ ያልባከነበት መሥሪያ ቤት" ይላል። ዳይሬክተሩ ደረታቸውን ነፍተው ግድግዳውን አሳዩ። "እዚህ ይሰቀል።"

የሚሰቀልበት ሚስማር አልነበረም። መምቻ መዶሻም አልነበረም። ሰው ሁሉ ዞሮ ጋሽ ብሎንን አየው።

"ለጥናቱ ገብቷል" አለ።

የግዢ ኃላፊው ለሚስማር ሦስት ፊርማ እንደሚያስፈልግና አንደኛው ፈራሚ ፈቃድ ላይ እንደሆኑ አስረዱ። ጋዜጠኛው ሰዓቱን አየ። ፍሬሙን ከአዲሶቹ ወንበሮች ባንዱ ላይ አቆሙት፤ ወንበሩ ተንከባሎ ዳይሬክተሩን ጉልበታቸው ላይ መታቸው።

"በዚህ ቤት ረግቶ የሚቆም አንድ ወንበር የለም?" አሉ ዳይሬክተሩ።

አንድ ነበር። ሁለት ሰዎች ሮጠው ከመዝገብ ቤት አወረዱት። ፎቶው ተነሳ፤ ዜሮ ብክነት፣ በሌለ ወንበር ላይ ቆሞ። እትዬ መዝገብ ንግግሩ እስኪያልቅ ሃምሳ ደቂቃ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ባለ ዑደቷ አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ እሷን እያየች ጭብጨባውን ረሳችው።

እንግዶቹ ሲወጡ እትዬ መዝገብ መጥታ ፍሬሙን አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ብሎን ወንበሯን ተሸክሞ ወደ ላይ አወጣላት። ስትቀመጥበት ነቅነቅ አለ፤ ሲያወርዱት አንዱ እግር ላልቷል።

"ቆይ፣ አጠብቀዋለሁ" አለና እጁን ኪሱ ከተተ።

ኪሱ አልተንቃጨለም። ያገኘው የዘጠኙን ኪሎ የርክክብ ወረቀት ነው። አራት ቦታ አጠፈው፣ ተንበርክኮ ከእግሩ ሥር ወሸቀው።

"አሁንስ?"

እትዬ መዝገብ ወዲያና ወዲህ ሞከረችው። "ለዛሬ ይበቃል" አለች።