የቀረችኝ አንዲት ጆሮ

ጋራዡ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሉኝ። የታመመ ሞተር ሲመጣ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። «ይሄ ኩሽኔታው ነው»፣ «ይሄ ቫልቩ ነው» እላለሁ፤ ሲፈታም እንዳልኩት ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው፤ ያውም በአንዲት ጆሮ። ግራውን ገና በወጣትነቴ አጠገቤ የፈነዳ ጎማ ወስዶታል።

ባለፈው ወር አንድ የጭነት መኪና መጣ። አዳመጥኩና «ውስጥ ያለው ብሮንዚና አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብዬ ፈረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ተለፍቶ ወርዶ ሲፈታ ብሮንዚናው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። የሚጮኸው የውሃ ፓምፑ ነበር። ሾፌሩ አፉ እንዳመጣለት ሰደበኝ። ባለ ጋራዡ ግን አልተቆጣም፤ ወደ ጥግ ወሰደኝና እንድሰማው እየጮኸ «ሄደህ ታከም። ካልዳነልህ ግን ሌላ ሰው መፈለጌ ነው» አለኝ። ለካ ሠራተኞቹ «ሰውዬው አይሰማም» እያሉ ሲያሙኝ ከርመዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ደግሞ ሳላውቅ ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። ከሦስት ወር በፊት ማሳከክ ጀመረኝ። ቀጥሎ ውሃ እንደገባበት ድፍን አለ፤ እዝዝ ይላል፣ ትራሴ ላይ እርጥብ ነገር ይተዋል። ፋርማሲ ሄጄ የጆሮ ጠብታ ገዛሁ። የፋርማሲዋ ሴት «ለሰባት ቀን ብቻ፤ ካልተሻለዎት ሐኪም ይዩ» ብላኝ ነበር። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሦስት ጠርሙስ ጨረስኩ።

ባለቤቴ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በሕይወት ሳለች እሑድ እሑድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ራሴን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ለብ ያለ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ በፀጉሯ ማስያዣ ሽቦ ጆሮዬን ታፀዳልኝ ነበር። «አትንቀሳቀስ አንተ ሰውዬ! ይቺንም አደነቁርሃለሁ» ትለኛለች። ከሄደች በኋላ ሥራውን እኔ ተረከብኩ። እሷ በሳምንት አንዴ፣ እኔ በቀን ሁለቴ። ሲያሳክከኝ፣ አትፍረዱብኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሽቦውን የማነሳበት ምክንያት አገኘሁ።

አለመስማትም የራሱ ምቾት ነበረው። ቤቱ ጭር ሲል፣ ጓዳ ሆና አንድ ነገር ያለችኝና እኔ ያልሰማኋት ይመስለኛል። «ምን አልሽ?» እላለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንድ ሁለቴማ ተነስቼ ገብቼ አይቻለሁ።

ሌላ ከተማ የምትኖር ልጅ አለችኝ። ስትደውል የምትለው አይገባኝም፤ አፍሬ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ እዘጋለሁ። በመጨረሻ «አባዬ፣ ተቀይመኸኛል?» ብላ ጻፈችልኝ። ሳልመልስላት ቀረሁ።

ባለ ጋራዡ እንዳለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ልጄን የምታክል ናት። ብርሃን ያለው ቀጭን መሣሪያ አስገባችና ስክሪኑን አሳየችኝ። የራሰ ጋዜጣ የመሰለ ነጭ ነገር፣ ላዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ።

«ፈንገስ ነው አባቴ» አለች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

«ዳቦ ላይ የሚወጣው?»

«የዚያው ዘመድ» ብላ ሳቀች። «ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። ዘይቱ እርጥበት ሆነለት፣ መጫጫሩ ቆዳውን አቆሰለው። ሲጨምሩት የከረሙት ጠብታ ደግሞ ባክቴሪያ እንጂ ፈንገስ አይገድልም፤ ጭራሽ ሜዳውን ለቀቀለት። በምንድነው የሚጭሩት?»

ሽቦውን ከሸሚዝ ኪሴ አወጣሁ። እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«የባለቤትዎ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሽቦውን በንጹሕ ፋሻ ጠቅልላ መለሰችልኝ። «ኪስዎ ውስጥ ይቀመጥ። ጆሮ ውስጥ ግን ድርሽ እንዳይል።»

«እድናለሁ ወይ ልጄ? ያለችኝ ይቺው ናት።»

«ታምቡሩ አልተቀደደም፤ ይድናሉ። እኔ የምልዎትን ከሰሙ ግን ነው።»

በሚስብ ቱቦ ቆሻሻውን መምጠጥ ጀመረች። የእኔም ሞተር በተራው ወረደ አልኩ በሆዴ። ከዚያ የፈንገስ ጠብታ አዘዘችልኝ፤ ማሳከኩ ቢተወኝም ሦስት ሳምንት ሳላቋርጥ። በየሳምንቱ እየመጣሁ ልትጠርግልኝ፣ ስታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ልወትፍ፣ ዘይት የሚባል ላላስጠጋ ተስማማን።

ጠብታው አልከበደኝም። የከበደኝ እሑድ ጠዋት ነው። መስኮቱ ሥር እቀመጥና እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። እጆቼን ጭኖቼ ሥር አድርጌ ተቀምጬባቸው ፀሐይዋ ከወለሉ እስክትነሳ እጠብቃለሁ። ሦስት እሑድ እንደዚያ አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሐኪሟ ጠርጋልኝ «ጨርሰናል» ስትል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ከዚያው ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሆኜ «የማን መኪና ነው ይሄ? ቺንጋው ላልቷል!» አልኩ። «ጆሮ መጣ!» ብለው ተንጫጩ። ባለ ጋራዡ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ነገ በጠዋት ና» አለኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል፣ ቤቴ ገባሁ።

በሩን ዘጋሁ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። የግድግዳው ሰዓት ተሰማኝ፤ የጎረቤት ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። ከጓዳው በር አጠገብ ቆምኩና ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ ልክ እንደ ሞተር አዳመጥኩ።

ማንም የለም።

ከእንግዲህ አልሰማሁም ማለት አልችልም። ባለቤቴ ሞታለች፤ ያን ዕለት ገና አመንኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ልቅሶዬንም በደንብ ሰማሁት።

እንባዬን ጠራርጌ ልጄ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩ። አልተቀየምኩሽም፤ ጆሮዬ ነው አስቸግሮኝ የከረመው። አሁን ድኗል።» ቶሎ ብዬ «በይ አንቺ አውሪ» አልኳት። «የፈለግሽውን አውሪ፤ እሰማሻለሁ።»

ገና ሳትናገር ስትተነፍስ ሰማኋት።